ጳጉሜን ያስተማርኩት ፕሮግራም

ከለቡ መብራት ኃይል እስከ ላፍቶ ድረስ እንደ እኔ ኮምፒውተር የሚገባው ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩ ገና ከበር ሲያየኝ በራሱ ይበራል። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሶፋ የሚነግዱት አሠሪዬ እትዬ ይህን ወሬዬን አምነው፣ የሱቆቻቸውን ዕቅድ የሚያወጣውን አዲስ ፕሮግራም እንዳስተካክል ሰጡኝ።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቁጥር ደንብ ይጠይቃል፤ ይደመር ወይስ አማካይ ይወሰድ? ለወር ሽያጩ «አማካይ» አልኩት። ታዲያ ዓመት ሲባል የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ፈረንጆቹ ጳጉሜን ረስተዋታል፤ እኔ አስተምሬዋለሁ!» ብዬ አሥራ ሦስተኛ ወር አድርጌ ጨመርኳት። እትዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በመስከረም ከየሱቁ ሻጮች ጋር ተሰበሰብን። የእትዬ ሕግ አጭር ነው፤ አማካይ ሽያጩ ካሰመሩት መስመር በታች የወረደ ሱቅ ይዘጋል። የሁሉም አማካይ ቀንሷል፤ ሌሎቹ ወፈር ያሉ ስለነበሩ ተረፉ። የላፍቶዋ ትንሿ ሱቅ ግን ለጥቂት ወደቀች።

«እንዴ እትዬ፣ ዘንድሮ እኮ ከአምናው አብልጬ ነው የሸጥኩት!» አለች የሱቋ ሻጭ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

«ማሽን አያዳላም፣ እህቴ» አልኳት። «የማዳላው እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ጋብዘሽኝ አታውቂም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሺ፤ ከመሄዴ በፊት የጳጉሜ ደሞዜ ይሰጠኛ!»

«የምን የጳጉሜ ደሞዝ?» አሉ እትዬ። «ጳጉሜ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወር የሆነችው?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ቁጥሮቹን አየሁ። በጳጉሜ ሱቆቹ ለዕቃ ቆጠራ ዝግ ነበሩ፤ አንድ ሶፋ አልተሸጠም። ፕሮግራሙ ግን እኔ ባስተማርኩት መሠረት የዓመቱን ሽያጭ ለአሥራ ሦስት አካፍሎታል።

«እትዬ፣ ይሄ ፕሮግራም... ሳይሳሳት አልቀረም» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግሁ። ጳጉሜን አወጣኋት። የላፍቶዋ ሱቅ መስመሩን አለፈች።

በማግስቱ ሻጯ ላፍቶ ክትፎ ቤት ይዛኝ ሄደች። «ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ልጆቼን ይዤ የት እገባ ነበር?» አለችኝ፤ እንባዋ መጣ። ሳልጠየቅ ከጠዋት እስከ ማታ የምለፈልፈው ሰውዬ አቀረቀርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኳትም። በላሁ። ሂሳቡን እሷ ከፈለች። ክትፎው ይደገም ያልኩትም እኔ ነኝ።