አባዬ የመረጣት ቀለበት

ባለፈው ወር ጎፋ፣ ከአንድ እንጨት ቤት ደጃፍ ሳልፍ የተልባ ዘይት ሸተተኝ። አዲስ በተላገ ዋንዛ ላይ የሚቀባው፣ መረር የሚል ሽታ። እግሬ ተያዘ። አናጢው "እህት፣ አልጋ ነው ቁም ሳጥን?" አለኝ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ መካኒሳ አቦ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አባዬ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አባዬ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ብረት ቆርጦ፣ አዙሮ፣ ሞርዶ የፈለገውን ቅርጽ ያወጣለታል። በወጣትነቱ ወታደር ቤት ሳለ በአልሞ ተኳሽነት ተሸልሟል፤ ከዚያ ወዲህ ነፍሱ ያለችው አንዳንድ ቅዳሜ በሚሄድበት የኢላማ ተኩስ ክበብ ነበር። የክበቡ ጠመንጃዎች አርጅተው ስለነበር ኃላፊው ጋሽ ለማ፣ "አንተ ባለሙያ ነህ፤ መጋዘን ያለውን አሮጌ ምንሽር ለውድድር የሚሆን አድርገህ ሥራውና አንተው ተኩስበት" አሉት። ያን ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ጥይት የሚያጎርሰው መቀርቀሪያ ክበቡ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀር፣ ቤታችን የሚመጣው ጠመንጃ መተኮስ አይችልም። እማዬም በጄ ያለችው በዚህ ምክንያት ነው።

አቤት ያ የመምረጥ ዘመን! አባዬ አንዲት ብሎን እንኳ በዘፈቀደ አላስገባም። ሦስት አፈሙዝ ቢያወጡለት ቀላሎቹን ትቶ ከባዱን አነሳ። "ቀጭን አፈሙዝ ሲሞቅ ልቡ ይሸፍታል፤ ከባዱ ግን አይደነግጥም" አለኝ። ለሰደፉ ወይራ አሰበ፣ ከበደበት። ጽድ ሞከረ፣ ተሰነጠቀበት። በመጨረሻ ጎፋ ካለ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ለዓመታት የደረቀ ዋንዛ አገኘ፤ ለጉንጩና ለትከሻው ልክ ጠርቦ በተልባ ዘይት ሲያሸው ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄድ ነበር። የምላጩን ልስላሴ የሚለካው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ስኳር በክር አንጠልጥሎበት ነው። እማዬ "ኧረ ስኳሬን! ሻይ በምን ልንጠጣ ነው?" ስትለው እሱ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የቀረው ማነጣጠሪያው ነበር። አባዬ ከናስ ሰባት ትንንሽ ቀለበቶች ሠራ፤ ቀዳዳቸው ከጠባብ እስከ ሰፊ። ከሰባቱ አንዷ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትገባለች፤ ተኳሹ የኢላማውን ጥቁር ክብ የሚያየው በእሷ ውስጥ ነው። ለመምረጥ እኔ አስፈልገው ነበር። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ እንዳይነቃነቅ ጠፍሮ ያስረዋል። እኔ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ነጭ ወረቀት ፊት እቆማለሁ። በእጄ መሃሉ የተበሳ ጥቁር የካርቶን ክብ አለ። አባዬ በቀለበቱ እያየ "ወደ ግራ… ትንሽ ወደ ላይ… ያዢ!" ይላል፤ እኔ በካርቶኑ ቀዳዳ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ክቡን አንስቼ እንደገና፤ ሦስት ጊዜ። ጠመንጃው ካልተነቃነቀና ዓይን ደህና ከሆነ ሦስቱ ነጥቦች አንድ ቦታ ያርፋሉ።

አላረፉም። "ቀለበቷ ጠብባለች" ብሎ ሰፋ ያለችውን ገጠመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጥቦቹ ይበልጥ ተራራቁ። "ሰደፉ ለጉንጬ ከፍ ብሏል" ብሎ ያን የመሰለ ዋንዛ ፋቀው። በሦስተኛው ቅዳሜ ጥፋቱ የፀሐይዋ ሆነ። እኔ ግን ሌላም ነገር አይ ነበር። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሳል፤ በግራው በኩል ቆሜ ሳያየኝ ይገፋኛል። እማዬም አይታለች። በዚያው ሰሞን የአባዬ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን የሚያይ የዓይን ሐኪም ሊያስመጣ ነበርና "አደራህን፣ ታይ" ብላ ለመነችው። "እሺ" አላት።

ሐኪሙ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደ ልማዳችን ሞከርን። ወረቀቱን ወስጄ ሰጠሁት። ሦስቱ ነጥቦች ሦስት ማዕዘን ላይ ነበሩ። አባዬ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "አለቀልኝ መሰለኝ፣ ቲጂ" አለኝ። አባቴ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አንዴ ብቻ፣ አባዬ። በሌላኛዋ ቀለበት" አልኩት።

አምስተኛዋን ገጠመ። "ወደ ቀኝ… ዝቅ… ያዢ!" ሲል እሱ ያለኝን ትቼ፣ ጥፍር በሚሸፍናት ቦታ ላይ ሦስት ነጥብ አደረግሁ። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። ከዚያ "አገኘኋት! አምስተኛዋ ናት!" ብሎ ጮኸ። አንስቶ አሽከረከረኝ። እማዬን ከጓዳ ጠራት፤ ወረቀቱን ሳሎን ሰቀለው። ሐኪሙ በመጣ ዕለት እማዬ ስታስታውሰው "ዓይኔ ምን ሆነ? ይኸው፣ ወረቀቱ ይመስክር!" አላት። ሐኪሙ መጥቶ ሄደ።

ክበቡ ጥይት አጥሮት ውድድሩ ሁለት ጊዜ ተራዘመ፤ እስከዚያ የተኩስ ልምምድ እንኳ አልነበረም። ከዓመት በላይ፣ በየቅዳሜው፣ ነጥብ አደረግሁለት። ደስ እንዲለው ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ እንዲለው ብቻ ነበር።

የውድድሩ ዕለት እማዬና እኔም ሄድን። አባዬ ካፖርቱን አንጥፎ ተኛና አሥር ጥይት ተኮሰ፤ ረጋ ብሎ፣ እንደ ጥንቱ። ጋሽ ለማ ኢላማውን ይዘው ሲመለሱ ወረቀቱ ነጭ ነበር። አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም። ጎኑ የተኮሰው ሰው ኢላማ ላይ ግን የሁለት ሰው ጥይት ተገኘ። ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አባዬ ተነስቶ ፈለገኝ። እኔ በግራው ቆሜያለሁ፤ እሱ ወደ ቀኝ ዞሮ ነው የተናገረው።

"ቲጂ፣ ወረቀቱ ላይ ደህና ነበርኩ አይደል?"

"አዎ፣ አባዬ" አልኩት።

በሳምንቱ እማዬ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ የዓይኑ ግፊት ቀስ በቀስ ነርቩን እንደገደለው ነገረችን። "ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን የነበረዎትን ማትረፍ ይቻል ነበር። የጠፋው ግን አይመለስም" አለችው። ወንበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ አባዬ ጨርሶ ጨለመበት። ከቶርኖው ተሰናበተ። እማዬ የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረችኝ፤ ምንም ሳታውቅ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። ጠመንጃውን ክበቡ ያኔውኑ ለሌላ ተኳሽ ሰጠው። ጋሽ ለማ ሊጠይቁት መጥተው ሰደፉን ለአዲሱ ሰው ጉንጭ እንደገና እንደፋቁት ሲነግሩት፣ "ዋንዛው ይችለዋል" ብቻ አለ።

አሁን ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። ያ ሽታ የያዘኝ ዕለት ቤት ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እግሩ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ፣ ከዚያ በኋላ የነበሩትንም ሁሉ። "ልጅ ነበርኩ፣ አባዬ። ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም እጁን ጭንቅላቴ ላይ ያደርጋል።

"ምነው አሁን ነገርሽኝ?" አለኝ በመጨረሻ። "እስከ ዛሬ ከእግዜር ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር እኮ።"

ይቅርታ ለመንኩት። "እሺ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም።

ያኔ መካኒሳ ከሥራ ሲመለስ፣ ገና የግቢውን በር ሳይከፍት፣ "ቲጂ! ነይ እስቲ፣ የሠራሁትን እይ!" ብሎ ይጣራ ነበር። እኔም እየሮጥኩ እወጣለሁ። አሁን ከሥራ ስገባ ዳናዬን ይሰማል፤ ግን አይጠራኝም። እራቱን አቀርብለታለሁ። እጁን ይዤ ሳህኑ ላይ አኖርለታለሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል፤ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው፣ በአክብሮት።