ከጎደሬው ሥር ያለችው ጠርሙስ

ትናንት አባዬ ከሶር ወንዝ ማዶ ደወለ። "ነገ መቱ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ አንቺ ነሽ አብረሽኝ የምትገቢው" አለ። ሁለት ወንድሞቼ አጠገቡ እያሉ እኔን ከሥራ ማስቀረቱ አናደደኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ገባኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ መቱ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ፋታ አልሰጥ ባለበት ሰሞን፣ አባዬ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱን ይዞ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣና ሆስፒታል ተኛ። እናቴ ከብቶቹን ጥላ መምጣት ስላልቻለች አስታማሚው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ጎደሬ ቀቅዬ፣ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልዬ ጭቃውን እያቦካሁ እሄዳለሁ። ከሳህኑ ሥር አንዲት ጠርሙስ ነበረች።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የኖፓ ወረዳው ባለመድኃኒት የቀመመው ሥር ነው። አባዬ ከቤት ይዞት የመጣው ጀሪካን በተከራየሁት ክፍል አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ሰውየው እንዳይናገር አስምሎታል፤ የተወራ መድኃኒት ይረክሳል፣ አያድንም። እኛ ቤት ደግሞ ይህ ከሕግ በላይ ነው። አያቶቼ ከወሎ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩም ሥር የሚምሱት ሰው ሳያያቸው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ "ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?" ሲሉት አባዬ "ምንም" ይላል፤ እኔ ኮርኒስ አያለሁ።

በአምስተኛው ቀን ባሰበት። ሁለት ስፔሻሊስቶች አልጋው አጠገብ ቆመው ተከራከሩ።

"የሐሞት ቱቦው ተዘግቷል፤ ነገ ጠዋት እንክፈታቸው" አለ ቀዶ ሐኪሙ።

"የተጎዳው ጉበቱ ራሱ ቢሆንስ? በዚህ ጉበት ካደነዘዝናቸው ላይነቁ ይችላሉ" አለች የውስጥ ደዌ ሐኪሟ።

"ታዲያ ምን ጎዳው?"

"አላውቅም። አንድ የጎደለኝ ነገር አለ።"

ስፔሻሊስት ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። "አላውቅም" ስትል ሳህኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። የጎደላት ነገር እጄ ላይ፣ ከሳህኑ ሥር ነበር።

አባዬ በዓይኑ ያዘኝ። "ጎደሬውን አስቀምጪና ሂጂ፤ ፈተና አለብሽ አይደል?"

ከጎኑ የተኙት ሽማግሌ በየጠዋቱ ሲጠጣ ያዩታል። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና "ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ በኦሮምኛ። ተናገሪ፣ ልጄ።

ጠርሙሷን አውጥቼ ሐኪሟ እጅ ላይ አኖርኳት። "ይሄን ይጠጣል። ከመታመሙ በፊት ለሆድ ቁርጠት ብሎ ጀመረው። እዚህ የማመላልስለት እኔ ነኝ።"

ቀዶ ሐኪሙ አሸተተና ኮሶ የጠጣ መሰለ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "ገደልሽኝ" አለ።

ቀዶ ጥገናው ቀረ፤ ጠርሙሷም ቀረች። ጉበቱን የጎዳው ይኸው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስድብ ስጠብቅ ሐኪሟ፣ "እኛስ ብንሆን እንደ ፖሊስ ነው የምንጠይቀው፤ ማን ይነግረናል?" አለችኝ።

ዓይኑ እስኪነጣ ክረምቱ ተጋመሰ። ያን ክረምት አባዬ የሚያናግረኝ በሰው በኩል ነበር፦ "ውሃ ታምጣ በሏት።" እስከ ዛሬም ያዳነኝ ሥሩ ነው፣ ባታረክሰው ኖሮ በሳምንት እነሣ ነበር ይላል። አልከራከረውም። አምስት ቀን ሙሉ ያጠጣሁትም እኔው ነኝ፤ ይህን ግን ማንም አንሥቶብኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወጣቱ ሐኪም ስለ ደም ግፊቱ ጠያይቆ ሲያበቃ፣ "ጋሼ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር ይኖራል?" አለው።

አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰና በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

እሱ እንደማለ ነው። እኔ ግን አልማልኩም።