የተተረተረው የእናቴ መስቀል

ዛሬ የእናቴን ቀሚስ ከልብስ ሰፊው ተቀብዬ ስዘረጋው ደረቱ ባዶ ነው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በእጇ የጠለፈችው ክንዶቹ ጫፋቸው ላይ የታጠፉ መስቀል የለም።

«አያ ታደለ፣ ጠርዙን ብቻ ይስፉልኝ አላልሁዎትም? ጥልፉ የት ሄደ?»

«ተረተርሁት። ልጄ በስልክ አሳየችኝ፤ የናዚ ምልክት ነው አለች። ኧረ ምነው፣ እሱን ለብሰሽ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ልትወርጂ? ከጉድ ነው ያወጣሁሽ!»

እናቴ ናዚን የት አውቃው! የምታውቀው ጠላት ጣሊያን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከአባቷ ሰምታ።

መስቀሉን ያየችው ከዳባት በላይ፣ ተወልዳ ባደገችበት አገር፣ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መስኮት ላይ ነው። ላሊበላም መስኮቱ ላይ አለ፤ ናዚ የሚባል ከመፈጠሩ ስንት መቶ ዓመት በፊት።

ልጅ ሆኜ «እጁ ምነው ታጠፈ?» ስላት፣ «የመጣውን ሁሉ እንዲያቅፍ ነዋ» ትለኝ ነበር።

አያ ታደለን መቆጣት አቃተኝ፤ ለእኔው አስበው ነው። ክሩን እንኳ ይስጡኝ ብላቸው ጠርገው ጥለውታል።

ቤት ገብቼ ቀሚሱን ወደ ብርሃን አነሳሁት። መርፌዋ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ እንዳለ ነው። ፀሐይዋ በዚያ ስታልፍ መስቀሉ ነጥብ በነጥብ ታየኝ።

ክር ገዝቻለሁ። በዚያው ቀዳዳ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ግን መጥለፍ አላውቅም። ስንት ዓመት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ቀን አስተምሪኝ አላልኋትም።

እናንተስ ቤት የእናታችሁ እጅ የጠለፈው ምን አለ? ፎቶውን አሳዩኝ።

እናታችሁ በሕይወት ያለችላችሁ ግን ፎቶው ይቆይ፤ መጀመሪያ መርፌና ክር ይዛችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።