የቶማስ ሱሪ

ዱባይ ተራ ከሚሸጠው ሱሪ ውስጥ ለገዢው ቁመት ልክ የሚሆነው ጥቂት ነው። የሀብተ ወልድ እንጀራ የወጣው ከዚያ ነው። በአንድ የገበያ አዳራሽ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ደረጃው ሥር አስጠግቶ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሱሪ አሳጥሯል። ገዢው ከሱቅ እንደወጣ እሱ ፊት ይቆማል፤ ሀብተ ወልድ ይንበረከካል፣ በሳሙና ስባሪ ያሰምራል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ቁራጩን አይጥልም፤ ከመቀመጫው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅመዋል።

ጎኑ ያለችው በለጥሻቸው ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና ስፒል ትሸጣለች። ክር ሲያልቅበት ቀና ሳይል እጁን ይዘረጋል፤ እሷም ቀለሙን ሳትጠይቅ ታቀብለዋለች።

ልጇ ቶማስ ውትድርና ሊሄድ ሰሞን ጥቁር፣ ቀጭን ግራጫ መስመር ያለው ሱሪ ገዛችለት። ሀብተ ወልድ ለክቶ አሰመረ። መቀሱን ሲያነሳ ግን እጁን ያዘችው።

"ተወው ሀብቴ፤ ገና ያድጋል። ሲመለስ ለክተህ ትቆርጠዋለህ።"

"እማዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው!" አለ ቶማስ እየሳቀ። "ቀጭኔ ልታደርጊኝ ነው?"

ሱሪው በፌስታል ተጠቅልሎ ከሀብተ ወልድ ራስ በላይ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቶማስ ስልክ መሥራት አቆመ። ጦርነቱ ቆመ ተባለ፤ ስልኩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። በለጥሻቸው በየጠዋቱ ሱቋን ስትከፍት ከሰላምታው ቀጥላ፣ "ሀብቴ፣ ወሬ አለ?" ትለዋለች።

"የለም፤ አይዞሽ፣ ይመጣል" ይላታል።

አንድ ቀን ወሬው መጣ። በክራንች የሚሄድ ወጣት ሱሪ የሚያሳጥር መስሎ ቆመና እሷ ለምሳ መውጣቷን አይቶ፣ "የቶማስ ጓድ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት" አለው።

ሀብተ ወልድ ወሬውን ለእድሩ ሽማግሌዎች አደረሰ። መርዶ ወግ አለው። ንጋት ላይ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናትን የሚይዝ ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው የሚነገረው። በዚያ ሰሞን ግን የበለጥሻቸው ልጅ መቅደላዊት ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበርና፣ "አራስ ቤት መርዶ አይገባም" ተባለ። "ጊዜውን እኔ አይቼ እነግራችኋለሁ፤ ለእኔ ተዉት" አለ ሀብተ ወልድ።

መቅደላዊት ወለደች። ክርስትናው ደረሰ። ቀጥሎ በለጥሻቸውን ደም ግፊት ጣላት። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሽማግሌዎቹ በጠየቁት ቁጥር "ትንሽ ትጠንክር" ይላል። እሷማ ጠንካራ ነበረች፤ የፈራው እሱ ነው። እንዲህ እያለ ዓመት ከሁለት ወር ሄደ።

ዘንድሮ የአዳራሹ ኮሚቴ በጦርነቱ የሞቱትን ለማሰብ ነጋዴው ሁሉ ለአንድ ሳምንት ደረቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ እንዲሰካ ወሰነ። ጨርቁን ሀብተ ወልድ እንዲያዘጋጅ ተነገረው፤ ስፒሉን በለጥሻቸው በነጻ ሰጠች። የከረጢቱን ጥቁር ቁራጭ ሁሉ እየቀደደ ሰፋ። የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ማንም ያስቆረጠው ትርፍራፊ ለቶማስ መታሰቢያ አልመጥን አለው። በለጥሻቸው ወደ ቤቷ ሄዳለች። ፌስታሉን አወረደ፤ አንዱን የሱሪ እግር በድሮው የሳሙና መስመር ላይ ቆረጠ፤ ከቁራጩ ጣት የምታህል ጥብጣብ አውጥቶ ደረቱ ላይ ሰካ፤ የተረፈውን ከረጢቱ ውስጥ ጨምሮ ሱሪውን በፌስታሉ መልሶ ሰቀለ። ማን ያያል ብሎ ነው።

በማግሥቱ የኮሚቴው ጸሐፊ ስንታየሁ ጥብጣቦቹን በካርቶን ይዞ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የተጋጨው ከጫማ ነጋዴው ከባህረዲን ጋር ነው።

"ለሞቱት አዝናለሁ፤ ዱዓዬም አይቋረጥም" አለ ባህረዲን። "በእኛ ግን ሐዘን ሦስት ቀን ነው። ደሞስ ለየትኛው ሟች ነው? መሣሪያ ለያዘው ብቻ ነው ወይስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለተገደለውም?"

"ፖለቲካ አታድርገው እንጂ! ጨርቅ ነው ስካ ያልኩህ።"

"ነገሩ የጨርቅ ከሆነማ እኔ የምሸጠው ጫማ ነው፤ ጫማ ልስካ?"

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ስንታየሁ ሳቁ ስላናደደው ወደ በለጥሻቸው ዞረ።

"እሱስ ይሁን እትዬ፤ እርስዎ የወታደር እናት ሆነው ደረትዎ ባዶ?"

"የወታደር እናት ስለሆንኩ ነዋ! ስፒሉን ሰጥቻለሁ። በሕይወት ላለ ልጅ ግን ጥቁር አላደርግም። ማሟረት ነው።"

"አራት ዓመት ሙሉ ያልደወለ ልጅ…"

ሀብተ ወልድ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። "አንተ! አፍህን ሰብስብ! ቶማስ አልሞተም! ተዋት!"

ስንታየሁ ካርቶኑን አቅፎ እያጉተመተመ ሄደ። በለጥሻቸው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከባንኮኒዋ ወጣችና ሀብተ ወልድ ፊት ቆመች።

"ተባረክ፤ ወንድሜ ነህ። ለሰው ሁሉ አሳምረህ ስትሰፋ የራስህ ተጣሞብሃል" ብላ ጥብጣቡን ልታቃናለት እጇን ሰደደች።

አቃናችው። አልለቀቀችውም። ግራጫውን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀና ብላ ፌስታሉን አየች፤ እንደገና ጥብጣቡን አየች።

"ማን ቁረጥ አለህ?"

ሌላ ጨርቅ ነው ሊላት ይችል ነበር። አላላትም።

"ሲመለስ ለክተህ አልነበር የምትቆርጠው? መቼ ነው የሰማኸው?"

"ዓመት… ከሁለት ወር።"

"ዓመት ከሁለት ወር" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ከሕያዋን ጋር አስጠራለሁ። አንተን ደሞ ጠዋት ጠዋት እጠይቅሃለሁ።"

ንጋትም፣ ሽማግሌም፣ ዘመድም አልነበረም፤ ቀትር ላይ፣ ሸማች እየተጋፋ ነው መርዶዋን የሰማችው። ሀብተ ወልድ እጁን ዘረጋ፤ ገፋችው። ደግፎ የያዛት ባህረዲን ነበር። ጥብጣቡን ከደረቱ መንጭቃ በጭብጧ እንደያዘች ወደ ቤቷ ወሰዷት።

ከአርባ ቀን በኋላ ጥቁር ለብሳ ሱቋን ከፈተች። ያቺ ጥብጣብ ደረቷ ላይ ነበረች። ሱሪውን ከምስማሩ ላይ አወረደችና መኪናው ላይ አስቀመጠችለት። "እንደነበረ አድርገው" አለችው።

ቁራጩን ከከረጢቱ ፈልጎ መልሶ ገጠመው። ስፌቱን እንዲህ አጥብቦ ሰፍቶ አያውቅም። ሲጨርስ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንደኛው በአንድ ጣት አጥሯል።

"ተወው" አለች፤ አጣጥፋ ወሰደችው።

ዛሬም ጎን ለጎን ይውላሉ። ክር ሲያልቅበት ታቀብለዋለች። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት፣ "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። ሀብተ ወልድ መልስ ሰጥቶ፣ እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳያንቀሳቅስ ትንሽ ይቆያል። ከሰላምታው የሚቀጥል ጥያቄ የለም።