ፍምና ፌንጣ እራት የወጡበት ምሽት

ፍም የሚሏት እጇ ስለሚያቃጥል ነው። ለሙገሳ የወጣላት ስም እንዳይመስላችሁ፤ የምሬን ነው፣ ያቃጥላል። በአንድ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ሌላው ሠራተኛ ካውያውን ሰክቶ እስኪግል ድረስ ቆሞ ሲያዛጋ፣ እሷ መዳፏን ሸሚዙ ላይ አሳርፋ ከኮሌታው እስከ እጅጌው ጫፍ አንዴ ስትዳብሰው ጭምድድ የሚባል ነገር አይተርፍበትም። የላውንደሪው ባለቤት ከክፍል ክፍል እየዞሩ አምፖል ሲያጠፉ የሚውሉ ወይዘሮ ናቸውና ይህን ባዩ ቀን "ልጄ" ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ በፊት "አንቺ" ነበር የሚሏት።

ከላውንደሪው ስትወጣ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ከተማው ውስጥ ጭራቅ ሲነሳ የምትለበልበው እሷ ናት። ጭራቅ ደግሞ ይነሳል፤ ምን ይደረግ፣ ከተማ ነው። ብቻዋን ግን አይደለችም። እዚያው ሰፈር ፀጉር ቤት የምትሠራ ባልንጀራ አለቻት፤ ስትዘል ከሰው ቤት ጣራ በላይ ስለምትደርስ ፌንጣ ይሏታል። ካባቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ፌንጣ ከላይ እየወረደች ታዋክበዋለች፣ ፍም ከታች ታቃጥለዋለች፣ ጭራቁ እግሬ አውጪኝ ይላል። ከዚያ ሁለቱም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይሉና ፌንጣ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን ሻይ ከቦርሳዋ ታወጣለች። ሻዩ ሁልጊዜ በርዶ ነው የሚገኘው። ፍም ኩባያውን በሁለት እጇ እቅፍ ስታደርገው እንፋሎቱ ይነሳል። ጠጥተው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጀግንነት ከሩቅ ሲያዩት ነው እንጂ ከቅርቡማ ደመወዝ የሌለው የማታ ፈረቃ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለምን ፔርሙስ አትገዢም?" ብላት ነበር አንድ ቀን ፍም።

"አንቺ እያለሽልኝ ፔርሙስ ምን ያደርግልኛል?" አለች ፌንጣ። ያን ዕለት ፍም ደስ ብሏት ስቃ ነበር።

አሁን ግን ይህች ንግግር እንደ እሾህ ትወጋታለች፤ ምክንያቱም የፍም እጅ እየበረደ ነው። መጀመሪያ የጂንስ ሱሪ እምቢ አላት። ቀጥሎ የአልጋ ልብስ። ቆይቶ ስስ ሸሚዝ እንኳ ደጋግማ ካላሸችው በቀር እሺ አይላትም። አንድ ጠዋት ዞር ዞር ብላ ማንም እንደሌለ አየችና ካውያውን ሰካች። ወይዘሮዋ በበሩ ብቅ አሉ፣ የመብራት ቆጣሪውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ በረዥሙ ተነፈሱና ተመለሱ። "ልጄ" ማለታቸውን ግን አልተዉም፤ ለእውነቱ ይህ ይመዝገብላቸው።

ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ እጇን ለቀም አድርገው ያዙና "እሰይ! እስቲ አሁን እንደ ሰው ልጨብጥሽ" አሉ። ለፌንጣ ግን መንገር አቃታት። ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመለሳል። የፈራችው ጭራቅ እንዳይመስላችሁ። ከፌንጣ ጋር የሚያገናኘን ጭራቅ ብቻ ነው ብላ አምናለች። ጭራቅ ካልነደደላት፣ ሻይ ካልፈላላት፣ ፍም ለፌንጣ ምኗ ናት?

እርግጥ ሰኞ ሰኞም ይገናኛሉ። ፀጉር ቤቱ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ፌንጣ ላውንደሪው ጓሮ መጥታ ትጎለታለች፤ ፍም ደግሞ ሰው ተጎልቶ ማየት ስለማትወድ የብርድ ልብስ ሽፋን ታስገለብጣታለች። እዚያ ቤት ሽፋን ሳይገለበጥ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ክሩም፣ ፍርፋሪውም፣ የጠፋው ካልሲም የሚሰበሰበው ታችኛው ጥግ ላይ ነው። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዷ በሽፋኑ አፍ እስከ ወገቧ ትገባና የታች ጫፎቹን ትጨብጣለች፣ ሌላዋ አፉን ወጥራ ትይዛለች። "ያዝሽ?" "ይዣለሁ!" "ውጪ!" ሲባል ሽፋኑ ግልብጥ ይላል። ፌንጣ ሁልጊዜ ፀጉሯ ተንጨብሮ ነው የምትወጣው፤ ይህን ጊዜ ፍም እስኪያማት ትስቃለች። ይሄን ግን ፍም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሥራ ነዋ።

እናም አንድ ዘዴ መጣላት። ያለ ጭራቅ እንገናኝና እንደ ሰው እራት እንብላ፤ ጨዋታው ከደራልን እነግራታለሁ፣ ካልደራልን ግን ቁርጡን አውቀዋለሁ አለች። ፌንጣ ስትሰማ ጥርስ በጥርስ ሆነች። "ካባ የለም፣ ጭራቅ የለም፣ የሥራ ወሬ የለም!" ተባብለው ተማማሉ።

የሄዱበት ምግብ ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የሚያነጥፍ ዓይነት ነበር። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በላስቲክ ወንበራቸው ተቀምጠው፣ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ዘርግተዋል። ፍምና ፌንጣ ዶሮ ጥብስ በሩዝ አዘዙ። ከዚያ ተያዩ።

"ደንበኛ እንዴት ነው?" አለች ፍም።

"አለ። አንቺ ጋስ?"

"አለ።"

"ጥሩ ነው።"

ፍም የጠረጴዛውን ልብስ ዳበስ አደረገችና "ስታርች አብዝተውበታል" አለች። ፌንጣ አስተናጋጁን በዓይኗ ተከትላ "ይሄን ምስኪን ፀጉሩን ማነው እንዲህ ያጨደው?" አለች። ተሳሳቁ። ሳቁ አለቀ። ፌንጣ ሹካዋን ገለበጠች፣ መልሳ አቃናችው። እነዚህ ሴቶች ስንት ጊዜ ሞትን አብረው ያመለጡ ናቸው፤ አሁን ግን አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሁለት እንግዶች ሆነው ቁጭ አሉ። አለቀ፣ ጭራቅ ብቻ ነበር የሚያገናኘን አለች ፍም በሆዷ።

ዶሮው ደርሶ ገና አንድ ጉርሻ ሳይቀመስ ውጭ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። መንገዱ ዳር ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ተፈናጥሮ አየር ላይ ወጣ። ከጉድጓዱም አንድ ነገር እየተንፏቀቀ ብቅ አለ፤ አንገት የለው፣ ትከሻ የለው፣ ከላይ እስከ ታች ሆድ ብቻ፣ ሆዱ አናት ላይ ደግሞ በር የሚያህል ክብ አፍ። ዘበኛው ወንበሩንም ጃንጥላውንም ጥለው፣ ለዕድሜያቸው በማይመጥን ፍጥነት ወደ ውስጥ ገቡ። ጭራቁ ወንበሩን ዋጠ። ጃንጥላውን ዋጠ። የምግብ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ከነአምፖሉ፣ ተደግፎ የቆመ ብስክሌትም አከለበት።

ፍምን ደስ አላት። እውነቱን መናገር ነው፤ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች። እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ፌንጣም እንደዚያው ስታደርግ አየቻት። ሁለቱም እኩል ካባቸውን መዥረጥ አደረጉ።

"ውሸታም!" አለች ፌንጣ።

"አንቺስ?"

"እኔማ ለብርድ ብዬ ነው" ብላ ፌንጣ በመስኮቱ ዘለለች።

ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ጀመረ። ፌንጣ ከጣራ ወደ መብራት እንጨት፣ ከመብራት እንጨት ወደ ጭራቁ አናት እየዘለለች ታዋክበው ገባች። ጭራቁ ሲወናበድላት "ፍም! አሁን! ለብልቢው!" ብላ ጮኸች። ፍም ሮጣ ሁለት መዳፏን ሆዱ ላይ ለጠፈች። ያላትን ሁሉ፣ እንጥፍጣፊውን ሳይቀር፣ ወደ እጇ ጫፍ ላከች።

ጭራቁ አልጮኸም። አልሸሸም። ፀሐይ እንዳገኘች ድመት ዓይኑን ጨፍኖ ማንኮራፋት ጀመረ። ደስ ብሎት ነበር። በደስታውም በሰፊው አዛጋ፤ ከላይ ስትወርድ የነበረችው ፌንጣ ቀጥ ብላ አፉ ውስጥ ገባች። ዋጥ።

ፍም ክው ብላ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት ፈርታ አታውቅም። "ፌንጣ!" ብላ አፉ ውስጥ ጮኸች።

"አለሁ!" የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ። "ይጨልማል! ደግሞ ይሸታል!"

"ፌንጣዬ፣ ማቃጠል አልችልም! እጄ በርዷል! ከበረደ ቆየ፣ ልነግርሽ እያልኩ..."

"አውቃለሁ!"

"ምን?"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ተኩሰሽ የሰጠሽኝ ቀሚሴ ላይ የካውያ ጫፍ ምልክት አይቻለሁ! አሁን እሱን ተይውና አውጪኝ!"

ፍም እንባዋን በካባዋ ጠረገችና ጭራቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አየችው። ክብ አፍ። ከአፉ በታች ወና ሆድ። ሆዱ ሲያልቅ ግራና ቀኝ ሾል ያሉ ሁለት ጫፎች። ዕድሜዋን የፈጀችበትን ነገር እንዴት ታጣዋለች?

"ፌንጣ! እንደ ሰኞው!"

"የምን ሰኞ?"

"ሽፋን ነው! ሽፋን ነው ስልሽ! ታች ውረጂና ጫፎቹን ያዢ!"

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ጭራቅ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚስቅ ሰው ፌንጣን ብቻ ነው የማውቀው። ፍም ወደ ምግብ ቤቱ ዞራ "አባባ! ወንድሜ! ኑ በዚያ በኩል ከንፈሩን ወጥሩልኝ!" አለች። ዘበኛውና ያ የታጨደው አስተናጋጅ ተያዩና፣ እምቢ ማለት አሳፍሯቸው መጡ። ፍም በአንድ እጇ ከንፈሩን ይዛ በሌላው ጉንጩን ታሻሸዋለች። ለብ ባለው መዳፏ ስትደባብሰው ጭራቁ አፉን መዝጋት ረሳ።

"ያዝሽ?"

"ይዣለሁ!"

"ውጪ!"

ፌንጣ ባላት ጉልበት ሁሉ ዘለለች። የረጠበ ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እሱን ነው ያወጣው። ጭራቁ ግልብጥ አለ። ወንበሩ ወጣ፣ ጃንጥላው ወጣ፣ ሰሌዳውና ብስክሌቱ ተከተሉ። ከዚያ ካልሲ ዘነበ። አንድ እግር፣ አንድ እግር፣ ሁሉም ነጠላ፤ ከላውንደሪው በፍሳሽ ቱቦ እየሾለከ የሄደ፣ ወይዘሮዋ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ካልሲ ሁሉ። ጭራቁ ደግሞ ገላው ሮዝ ሆኖ፣ በሙቅ ውኃ እንደታጠበ ሹራብ ኩምትር ብሎ ቀረ። ራሱን አየና አፈረ። እየተንሰቀሰቀ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ዘበኛው ክዳኑን መለሱና ወንበራቸውን በላዩ አስቀምጠው ተቀመጡበት።

ፌንጣ ፀጉሯ ተንጨብሮ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ፍም አየቻትና እስኪያማት ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ሮጣ እላይዋ ላይ ተጠመጠመች።

ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ዶሮው በርዷል፣ ሩዙም ተጋግሯል። ቢሆንም በሉት።

"ካወቅሽ ለምን ለብልቢው አልሽኝ?" አለች ፍም።

"ካልጠራሁሽ ማወቄን ታውቂብኛለሽ ብዬ። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።"

"ለምን ዘለልሽ ታዲያ? እንደማላቃጥለው እያወቅሽ?"

ፌንጣ ከፀጉሯ ውስጥ ካልሲ መዝዛ አወጣችና ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። "አንቺ ታች ቆመሽ የለ እንዴ" አለች፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ፌንጣ ከቦርሳዋ ያቺን የላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ሻዩን ቀዳችና ኩባያውን እንደ ወትሮዋ ወደ ፍም ገፋችው። ፍም በሁለት እጇ አቀፈችው። ጠበቁ። እንፋሎት የለም። ፌንጣ ኩባያውን ተቀብላ ፉት አለች።

"በርዷል" አለች።

"በርዷል" አለች ፍም።

"እንግዲህ ፔርሙስ መግዛቴ ነው።"

ፍም አንገቷን ደፋች። ፌንጣ ግን ገና አልጨረሰችም፤ በእጇ ቁመት እየለካች ነበር። "ትልቁን ነው የምገዛው፣ ይሄን የሚያህለውን። ሰኞ ሽፋኑ ብዙ ነው፤ እስኪመሽ ሊያጠጣን ይገባል።"