እናቴ የቆጠበችው ቃል

ሣጥኑን የከፈተችው ልጄ ናት። ክፍሉ ስደርስ የናፍታሊን ሽታ ሞልቶታል፤ እሷ ነጩን የኳየር ጋውን ደርባ መስታወት ፊት ትሽከረከራለች። ወይን ጠጅ አንገትጌው ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። "አውልቂው" አልኳት፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጠነከረ መሰለኝ። "ትምህርት ቤት በዓል አለብን እኮ! ሁሉም የሚለብሱት አላቸው፣ እኔ ብቻ! ግፍ ነው!" አለችና እግሯን መሬት ላይ መታች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። እኔ ባደግኩበት ቤት ይህ ቃል እንዲህ በዋዛ አይባልም ነበር።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታችን መናኸሪያው አካባቢ ስለነበር የአውቶቡስ ጥሩምባና የረዳቶች ጩኸት ከንጋት ጀምሮ ሳያስፈቅድ ይገባል፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አማርኛን የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና ከገጠር ከመጣች በኋላ ነው። በእናት ቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ ስትቆጣ ቃል አትመርጥም፤ በአማርኛ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ውድ ጨርቅ ለክታ ነው የምትቆርጠው። እኛ ልጆቿ አማርኛውን እንዳገኘን ስናዝረከርከው ያናድዳት ነበር።

ከአሣ ጥብሱ ትልቁ ለእህቴ፣ ትንሹ ለእኔ ሲደርስ "ግፍ ነው!" እላለሁ። መኪናዋን አቁማ ታየኛለች። "አድልዎ በይ" ትለኛለች። "አዎ፣ አድልቻለሁ። እሷ ስትሠራ ዋለች፣ አንቺ ስትዘይ ዋልሽ።" አንድ ቀን ደግሞ አስተማሪው ሌላ ልጅ ባጠፋው እኔን ገርፎኝ እያለቀስኩ መጣሁ። አሁንስ ትፈቅድልኛለች ብዬ ነበር። ያበጠ እጄን በሞቀ ውሃ እያሸች "ይሄ በደል ነው" አለች። "ነገ አብሬሽ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። በደል ሰው ሄዶ ይነጋገርበታል። ግፍ ሌላ ነው፤ እሱን አታንሺው።" ምንድነው ታዲያ ብላት "ሲመጣ ታውቂዋለሽ፤ አይምጣ እንጂ" ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እህቴ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ነበረች። እህቴ ስለሆነች አይደለም፤ እሷ ብቻዋን የምትዘምርበት ቦታ ሲደርስ፣ ከመግቢያ ጸሎት ጀምሮ የሚያንቀላፉት አዛውንት እንኳ ዓይናቸውን ይገልጡ ነበር። የኳየሩን ጋውኖች በሙሉ የሰፋችው እናቴ ናት። የእህቴን ስትሰፋ፣ ገና ትረዝማለች ብላ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰፋ አድርጋ አጠፈችው። እህቴ ከመዘመር ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ትምህርቷን ስትጨርስ ሥራ ጠፋ። ብዙ ከዞረች በኋላ ሠፈራችን ባለ አንድ ፔንሲዮን አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ማለዳ ሄዳ ረፋዱ ላይ፣ ጣቶቿ ተጨማደው፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተች ትመለሳለች። ምድር ቤቱ ቢራ ይሸጥበታልና ለሰው አላወራነውም። እናቴ ግን ታውቅ ነበር፤ ሥራውም ምንም ነውር አልነበረበትም። አንድ ቀን ከምእመናኑ አንዱ እህቴን ፀጉሯ እንደረጠበ ከፔንሲዮኑ በር ስትወጣ አያት። "ፔንሲዮን ታድራለች" የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሯት። "አንሶላ ነው የማጥበው" አለች። ማን ይመሰክርልሻል አሏት። የፔንሲዮኑ ባለቤት ሥራውን ትቶ መጣና "እጇን እዩት እንጂ፣ ምን ምስክር ያስፈልጋል!" አላቸው። አመስግነው ሸኙት። ከሄደ በኋላ ግን ቢራ የሚሸጥ፣ ያላመነ ሰው ቃል ለአማኝ ምስክር አይሆንም ተባለ። የእናቴም ቃል የእናት ቃል ነው ተባለ። እህቴ "ዲሲፕሊን ላይ ናት" ተብሎ ለጉባኤው ተነገረ፤ ከአገልግሎት ታገደች፣ ጋውኑንም እንድትመልስ ታዘዘች። እናቴ በገዛ እጇ የሰፋችውን ጋውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል ይዛ ሄደች።

ስትመለስ "እማ፣ ይሄስ ግፍ አይደለም?" አልኳት።

ነጠላዋን አውልቃ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። "ተሳስተው ነው" አለች በመጨረሻ። "ሰው ይሳሳታል። ሲገባቸው ይመልሷታል።"

ከዚያ በኋላ እህቴ እሁድ እሁድ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ ጀመር። ግራ ቀኟ ባዶ ነው። እኔ አጠገቧ ልቀመጥ ስል "ሂጂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሁኚ" ትለኛለች፤ የእሷ ነገር እንዳይጋባብኝ ፈርታ ነው። ኳየሩ ሲነሳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ቤትም አትዘምርም። የምትዘምረው አንሶላ ስታጥብ ብቻ ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

እንዴት አወቃችሁ ብትሉኝ፣ ክረምቱ እንዳለፈ አንዲት አዲስ አማኝ ምስክርነት ልትሰጥ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያው ፔንሲዮን አልጋ አንጣፊ ነበረች። ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እየተንተባተበች፣ "እኔን እዚህ ያመጣኝ ሰባኪ አይደለም" አለች። "የምሠራበት ቤት አንሶላ የምታጥብ ልጅ አለች። እያጠበች ትዘምራለች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማት፣ ስሰማት... ያቺ አይደለችም እንዴ፣ ኋላ የተቀመጠችው?" ሰው ሁሉ ዞረ። እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። በቃ፣ አለቀ፣ ተመለሰች አልኩ በልቤ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ጋውኑን በዚያው ፌስታል ይዘው ቤታችን መጡ። ዋናው ሽማግሌ ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። "እህታችን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሏት እናቴን። "የፊታችን እሁድ ልጃችን ትመለሳለች። ሥርዓቱን መቼም ታውቂዋለሽ። በተግሣጽ ያለ ሰው የሚመለሰው በጉባኤ ፊት ንስሐ ገብቶ ነው።"

"ከጠራ ታዲያ በምኑ ነው ንስሐ የምትገባው?" አለች እናቴ።

"ለሥርዓቱ ያህል ነው። 'ይቅር በሉኝ' ብቻ ትበል። ምን እናድርግ፣ ጉባኤው ተሳስቷል የሚባልበት ሥርዓት የለንም።"

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። ድምፅዋን አልጨመረችም። "ስታግዷት ስህተት ነው ብዬ ነበር" አለች። "ለዚህችኛዋም ልጄ የነገርኳት እንደዚያ ነው። አሁን ግን እናንተው በድላችኋት፣ እናንተኑ ይቅርታ ትለምን እያላችሁ ነው። ይሄ ግፍ ነው፣ አባታችን። ግፍ ነው።"

ቃሉን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። እኔ እናቴ በሩን ከፍታ እስክታስወጣቸው ጠበቅኩ። እህቴ ግን ፌስታሉን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች።

"እላለሁ" አለች። "እማ፣ ተዪኝ፤ እላለሁ። መዘመር ናፈቀኝ።"

እናቴ አየቻት። ከዚያ መቀሷን አንስታ የጀመረችውን ጨርቅ ለክታ መቁረጥ ያዘች።

እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመች። "ይቅር በሉኝ" አለች፤ እልል ተባለ። ያ እልልታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገሸግሸኛል። ከዚያ ጋውኗን ለብሳ ቦታዋ ገባች። መዝሙሩ ተጀመረ፤ ብቻዋን የምትዘምርበት ላይ ሲደርስ ኳየሩ ዝም ብሎ ጠበቃት። አፏን ከፈተች። የኪቦርዱ ዜማ ዞሮ መጣ፣ እንደገና ዞሮ መጣ። ምንም አልወጣትም። ሌላ ልጅ ተቀብላ ጨረሰችላት።

ለጥቂት ሳምንታት ሞከረች። ከዚያ ጋውኑን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ እናቴ ወደ ውስጥ ያጠፈችው ጠርዝ ሳይፈታ ቀረ። እናቴም ያንን ቃል ከዚያ ቀን በኋላ እስክትሞት ድረስ ስትደግመው አልሰማሁም።

እህቴ አሁን የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡሹሎ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ትውላለች። ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ዛሬም ጓሮ የልጆቼን ልብስ እያጠበች ነበር። ልጄ ከእኔ ጋር ተከራክራ ስላልሆነላት ጋውኑን እንደለበሰች ሮጣ ሄደችባት። "አክስቴ፣ ይሄ የማን ነው?"

እህቴ እጇን ከአረፋው አወጣች። ጋውኑን ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ አየችው። "አያትሽ የሰፋችው ነው" አለች። "ረዝሞብሻል። ቆይ፣ ይሄን ልጨርስና አሳጥርልሻለሁ፤ ለበዓሉ ትለብሺዋለሽ።"

ልጄ እየዘለለች ተመለሰች። እህቴ ቧንቧውን ከፍታ ወደ እጥበቷ ጎንበስ አለች። እኔ የጓሮው በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምናልባት ዛሬ፣ ምናልባት ጋውኑን ካየች በኋላ ትዘምር ይሆናል ብዬ። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነበር።