የጠፋችው ወረዳችንና ምስለኔዎቿ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ወረዳ ነበረችን። ስሟን አልጽፈውም። የሻሯት ሰዎች ሲሽሯት ስሟን አልጠሩትም፤ እኔን ምን አግብቶኝ እጠራዋለሁ? ሁለት ደብር፣ አንድ የገበያ ሜዳ፣ አንድ ወንዝ ነበራት፤ የቀረው ውርጭ ነው። ከአንዱ ጫፏ ቆሎ እየቆረጠመ የተነሣ መንገደኛ እፍኙን ሳይጨርስ በሌላው ጫፏ ይወጣል። ያም ሆኖ ወረዳ ናት ተብላ ከጌታ ወደ ጌታ ስትተላለፍ ኖራለች። ጌታው ከንጉሡ ደጅ ከአንኮበር ስለማይጠፉ በፈንታቸው ምስለኔ ይልኩልን ነበር። ምስለኔው በእኛ ፊት የጌታው ወኪል፣ በጌታው ፊት ደግሞ የእኛ ወኪል ነው ይባላል። የጌታው ወኪል ሲሆን በዓይናችን አይተነዋል። የእኛ ወኪል ሲሆን ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እኔ አራቱን አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ዳኝነት የሚወድ ሰው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ይቀመጥና ተሟጋቾቹ ገና «በንጉሥ አምላክ» ሲሉ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ድምፁ ጮክ ላለው ይፈርዳል፤ የሰማው እሱን ብቻ ነዋ። በዚህ ሰው ዘመን አገሩ በሙሉ ጮኾ መናገር ለመደ። እስካሁንም ድረስ ሰላምታ ስንሰጣጥ እንግዳ ሰው የተጣላን ይመስለዋል።

ሁለተኛውን በረዶ ገብሳችንን በመታው ዓመት ስለ እኛ እንዲናገርልን አንኮበር ላክነው። ሙክትና ማር አሸክመን ወንዙ ድረስ ሸኘነው። ከሦስት ወር በኋላ ወፈር ብሎ፣ አዲስ የሹመት ለምድ ደርቦ ተመለሰ።

«ስለ በረዶው ነገሩልን?» አልነው።

«የተመቸ ቀን ጠፋ» አለ። «ጌታው ሁልጊዜ ደስ ብሏቸው ነው የማገኛቸው። ደስታቸውን እንዴት ላደፍርስባቸው?»

ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም። ብርድ አይስማማኝም ብሎ እዚያው አንኮበር ቀረ፤ አንኮበር ጉም የማያውቃት አገር ይመስል። በፈንታው በቅሎውን የሚጭንለትን ሎሌ ላከልን። ሎሌው መልካም ሰው ነበር። መፍረድ አላውቅም አለ፤ አልፈረደምም። ከሁሉም የምናመሰግነው እሱን ነው።

የእኔን ነገር የያዘው አራተኛው ነው። ዘመኑ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መሻገር የጀመረበት፣ ከብቱ ሁሉ ካለቀበት ክፉ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ቀደም ያለው ነው። በእኔ እርሻና በጎረቤቴ እርሻ መካከል ሦስት ትልም የምታህል ቁራጭ መሬት አለች። እኔ የአባቴ ናት አልኩ፤ እሱም የአባቴ ናት አለ። ጎረቤቴ ዝግ ያለ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ድቁና ጀምሬ የተውኩ፣ ፊደሉን ትቼ አፉን ብቻ ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከወይራው ሥር ቀርበን ሁለታችንም ተናገርን። ምስለኔው አላንቀላፋም፤ እሱን አልክደውም። ነገር ግን ልክ እንደጨረስን መልእክተኛ መጥቶ ጌታው በአስቸኳይ አንኮበር እንደሚፈልጉት ነገረው። ብድግ አለና የእኔን ኩታ ጫፍ ከጎረቤቴ ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረው።

ቁራኛ የምንለው ይህን ነው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ ተቋጥረው ይቆያሉ።

«እስክመለስ እንዲህ ሁናችሁ ቆዩ» አለን በቅሎው ላይ እየወጣ። «አስቀድሞ የፈታ እሱ ተረታ።»

በሦስት ቀን ይመለሳል ብለን ነበር። ሁለት ሳምንት ሆነው። አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሱ ቤት እናድራለን። እሱ ሲበላ ዝግ ስለሚል እኔ እጄን ታጥቤ እስኪጨርስ ጉልበቴን አቅፌ እጠብቃለሁ። ቅዳሴ ላይ እሱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኔ መቋሚያ ላይ ዘንበል ባልኩ ቁጥር ኩታው ስለሚጎትተው ሕዝቡ ወንጌሉን ትቶ እኛን ያያል። ሜዳ ስንወጣ አንዳችን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ፣ አንዳችን ወደ ምዕራብ እናዞራለን። ስለ እሱ ሳል፣ ስለ እሱ ማንኮራፋት፣ ስለ እሱ የእግር ሽታ እኔ ያወቅሁትን ያህል የገዛ ሚስቱ አታውቅም። አንድ ቀን ተቋጥረን ለማረስ ሞከርን። እሱ የእኔን መሬት ላለማረስ፣ እኔም የእሱን ላለማረስ ስንጓተት ማረሻው ድንጋይ መታ፤ በሬዎቹም ዞረው አዩን።

የሁለታችንም ልጆች ገና እርፍ ለመጨበጥ አልደረሱም ነበር። ጎታችንም ባዶ እየሆነ ነበር፤ የዚያ ዓመት ዘር ካመለጠን የሚቀጥለውን ክረምት የምንሻገርበት እህል አልነበረንም። ሚስቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለሦስት ትልም ብላችሁ ሁለት ጥማድ በሬ በረት ውስጥ ታስራላችሁ?» አለችን፣ ለሁለታችንም እኩል እየጮኸች። «ሰኔ ገባ እኮ! ልጆቹ የሚበሉት ቋጠሮውን ነው?»

ስለዚህ ስንቃችንን ይዘን፣ ተያይዘን ወደ አንኮበር ሄድን። ኮረብታው ላይ ወጥተን ደጁ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ጓዙን ይጭናል። ግማሹ መኳንንት ወደ እንጦጦ ሄዷል፤ ግማሹ ለመሄድ በቅሎ ይፈልጋል። አጋፋሪው፣ ማለት ደጁን የሚጠብቀውና ባለጉዳይ የሚያስገባው ሹም፣ ቋጠሯችንን አይቶ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። የወረዳችንን ስም ነገርነው።

«እንዲህ የሚባል ወረዳ የለም» አለ።

«ጌታዬ፣ ትናንት ጧት ከዚያ ነው የተነሣነው» አልኩት።

«ትናንት ጧትም አልነበረም። ጌታችሁ ንጉሡን ተከትለው ሲሄዱ ለሁለት ተከፈለ። ከወይራው ወዲህ ለአንዱ ጌታ፣ ከወይራው ወዲያ ለሌላው ተሰጠ። አሁን ከደጁ ዞር በሉ።»

ከወይራው ወዲህ እኔ ነኝ፤ ከወይራው ወዲያ ጎረቤቴ ነው። እንግዲህ ሁለታችንን አንድ ላይ የሚዳኝ ሰው በሸዋ ምድር አልነበረም ማለት ነው። አንዲት ወረዳ ጠፋች፤ ነጋሪት አልተጎሰመላት፣ ያለቀሰላትም የለም። ከእርሷ የቀረ ነገር ቢኖር በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው ቋጠሮ ብቻ ነበር።

ምስለኔያችንን ደጅ ከሚጠኑት መካከል አገኘነው። ለምዱ የለም፤ በቅሎውም የለችም። እንደ ማንኛውም ሹመት ፈላጊ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ተጠግተን እጅ ነሣን።

«ጌታዬ፣ ይፍቱን» አልኩት።

«በየትኛው ሥልጣኔ?» አለኝ።

«በእጅዎ ነው'ኮ የቋጠሩን!»

«እኔ አይደለሁም የቋጠርኳችሁ፤ ወረዳዋ ናት። ወረዳዋ ደግሞ የለችም። አሁን ብፈታችሁ ያልተሰጠውን ሥልጣን ያዘ ተብዬ እከሰሳለሁ።»

«እንግዲያው ቋጠሮው ፈርሷል ማለት ነው?» አለ ጎረቤቴ፣ በዚያ ዝግ ባለ አነጋገሩ።

ምስለኔው ወደ አጋፋሪው ዞር ብሎ አየና «እሱንም ማለት አልችልም» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከስንቃችን የተረፈ ነገር እንዳለ ጠየቀን። አንድ ጭብጦ ቀርቶን ነበር፤ ሰጠነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላው። ያቺ ወረዳ ለምስለኔዎቿ የገበረችው የመጨረሻው ግብር እሱ ነው።

በማግስቱ ሰፈራችን አጠገብ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ሰኔ የሚያመጣው ያ ደህና ዝናብ ነው። በወዲያም በወዲህም ሰው ሁሉ ጠምዶ ይዘራል፤ የእኔና የእሱ እርሻ ብቻ እንደነበረ አለ። ጎረቤቴ ቆመ። እኔም ሳልወድ ቆምኩ። እጁን ቋጠሮው ላይ አደረገ።

«እኔ ብፈታው ለማን ትነግራለህ?» አለኝ። «ዳኛ የለን።»

«ለሚመጣው» አልኩት።

ያን ጊዜ ማፈር ይገባኝ ነበር፤ አላፈርኩም። እንዲያውም እጁን ከቋጠሮው ላይ እንዳያነሣ ፈራሁ።

«ይሁን» አለ። «ገብሱ እኔን አይጠብቀኝም። አንተንም አይጠብቅህም።» ኩታው ርሶ ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ነው የፈታው። ከዚያ በጭቃው ውስጥ ወደ በሬዎቹ ሮጠ። ያ ዝግተኛ ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ቤቴ ገብቼ ጠመድኩ። ያ ዓመት ገብሱ ጥሩ ያዘ፤ ልጆቼም ጠግበው አደሩ። ያጠገባቸው እሱ በጥርሱ የፈታው ቋጠሮ እንደሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ከወይራው ወዲህ አዲስ ምስለኔ መጣልን። እኔም ሄጄ ነገርኩት፤ እነግራለሁ ብዬ የለ! ጎረቤቴን አስጠራው። የጎረቤቴ ሹም እዚያ ሄደህ የመቆም ግዴታ የለብህም ብሎት ነበር አሉ። እሱ ግን ማንም ሳይቋጥረው በገዛ እግሩ መጣ።

አዲሱ ሰው ስለ መሬቷ ምንም አልጠየቀም፤ ምስክርም አልሰማ። «ማነው የፈታው?» አለ ብቻ።

«እኔ ነኝ» አለ ጎረቤቴ።

«ተረታህ» አለው፤ ነገሩም አለቀ። ወረዳዋን ማንም አላስታወሳት፤ ቋጠሮዋን ግን እንደዚያ አከበሩላት። ሦስቱ ትልም የእኔ ሆኑ።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን ነፍጎኝ አያውቅም። ልጄን ስድር መጥቷል፤ እናቴ ስትሞት አልቅሶልኛል። ሲያርስ ግን ከሦስቱ ትልም ጥግ ሲደርስ በሬዎቹን ያዞርና ማረሻውን ከፍ ያደርጋል። እኔም ከማዶ ሆኜ አየዋለሁ። ማየት አልወድም፤ ግን አያለሁ።

በምስለኔዎቹ ይህን ያህል ከቀለድኩ የራሴንም ልናገር። አባቴ በልጅነቴ እጄን ይዞ የድንበሩን ድንጋይ አሳይቶኛል። ድንጋዩ ሦስቱን ትልም በጎረቤቴ ወገን ትቶ፣ በእኔ በኩል የቆመ ነበር። አባቴ በሞተ ዓመት አንሥቼ ወሰድኩት፤ እስካሁን በበረቴ ካብ ውስጥ አለ። ከምስለኔዎቹ ሁሉ ድንጋዩ የት ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም። ጎረቤቴም አልጠየቀኝም። በረቴ ውስጥ ስንት ጊዜ አብሮኝ ቆሟል፤ ካቡንም አይቶታል።